ከአንገት በላይ

ሰመራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኸሊዳ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከመላው ቤተሰብሽ ጋር ይሁን። እንደምን ከርማችኋል? እማማ ሀምዳ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጁነዲንስ ከጅቡቲ መንገድ በሰላም ይመላለሳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የሰመራ ነፋስ አሸዋውን እስከ አልጋዬ ድረስ ያመጣዋል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ባለፈው ዓመት አዋሽ መጥቼ ቤታችሁ የሰነበትኩ ጊዜ፣ የእናትሽ እናትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን እማማ ሀምዳ ቆጥረው ያስረዱኝን አልረሳውም። «አንዷ ሰገደች፣ አንዱ ቆረበ እንጂ ደሙ ያው ነው» ነበር ያሉኝ። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ ስችል በወረቀት የጻፍኩት አብሮት የሚመጣ ነገር ስላለ ነው።

የምሠራበት የሸለቆው መታሰቢያ ማኅበር፣ ድሮ በዚህ ቆላ ክሊኒክና የረሃብ መጠለያ ከነበራቸው የካቶሊክ ሲስተሮች ብዙ የቆዩ ፎቶግራፎች ከጣሊያን ተልከውለታል። ነጭ የለበሱ ሲስተሮች ክትባት ሲሰጡ፣ በግመል ተጭነው የመጡ ሕመምተኞች፣ የዱቄት ወተት ወረፋ፣ ሁሉም አለ። እሱን ስለይ ስውል ድንገት እማማ ሀምዳን አየሁ። ሃያ ዓመት ቢሞላቸው ነው። የቅንድባቸው ጠባሳ፣ የአንገታቸው ንቅሳት፣ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ፣ ከሚሌ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረው መጠለያ የተነሣ ነው። አሳትሜ ልኬላችኋለሁ።

በታኅሣሥ እዚህ ዐውደ ርዕይ እንከፍታለን። ሲስተሮቹም ከጣሊያን ይመጣሉ፤ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። ኃላፊያችን አቶ ይገዙ፣ እማማ ሀምዳ የክብር እንግዳ ሆነው እንዲገኙልን፣ መኪናም እንዲላክላቸው ፈቅደዋል። ስለተደረገላቸው እርዳታ ሁለት ሦስት ቃል ምስጋና ቢናገሩ ይበቃል። እባክሽ ጠይቂልኝ።

አክባሪሽ፣
እድላዊት


አዋሽ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017

ቢስሚላህ።

ለእህቴ ለእድላዊት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽን የአውቶብሱ ረዳት ሲያቀብለኝ ለሹፌሮች ቁርስ እያቀረብኩ ነበር። እጄ ፉል በፉል ስለነበር በሽርጤ ጠርጌ ከፈትኩት፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እኛ የእናቴ የልጅነት መልክ የለንም። ያለን ትልቁ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ተቆጥታ ነው የተነሣችው። ይቺ ግን ቁርጥ እኔን! ሹፌሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሏት ቁርሱ ቀዘቀዘ።

እናቴም መጀመሪያ ሳቀች። «ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» አለች። ቆይታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችውና የፎቶውን ግርጌ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ለካ እኔ ልብ አላልኩም፤ የሕፃን እጅ አለ። አንገቷ ላይ ንቅሳቷን ይዞ ይታያል፤ ከእጁ በታች ወረቀቱ አልቋል።

«የቀረውስ?» አለችኝ።

«የምኑ?»

«የቀረው የት አለ?»

ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ስለ ሰመራው ጥሪ ብጠይቃትም የምትለኝ ያንኑ «የቀረው የት አለ?» ነው። እባክሽ ሙሉውን ፎቶ ላኪልን። የማን ልጅ እጅ ነው? እኔ በዚያን ጊዜ አልተወለድኩም።

ሌላው ጭንቀቴን ታውቂዋለሽ። የወንድሜ የጁነዲን ነገር አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። የኮምቦልቻዋን ልጅ ሀፍሳን ከወደዳት ዓመት አልፎታል፤ የእሷ ቤተሰብ እሺ ብሏል፣ እናቴ ግን እሺም እምቢም አትልም። የሀፍሳ እናት ሰዓዳ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ እናቴ «የት ተወለድሽ? ማን አሳደገሽ? ማን ወለደሽ?» እያለች አስለቀሰቻት። ሴትዮዋ ወላጆቿን አታውቅም፤ በሕፃንነቷ ከረሃቡ ተርፋ የሲስተሮች ማሳደጊያ ቤት ነው ያደገችው። የሙት ልጅ መሆን ነውር ነው እንዴ? ጁነዲን ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው። አፍረን ሞትን። ዱዓ አድርጊልን።

እህትሽ ኸሊዳ


ሰመራ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017

ለእትዬ ኸሊዳ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የዐውደ ርዕዩ ሥራ ፋታ አሳጥቶኝ ነው።

ሙሉው ፎቶ ለዝግጅቱ ስለሚያስፈልግ አሁን ከእጃችን ሊወጣ አልቻለም። ከመክፈቻው በኋላ እኔ ራሴ አመጣላችኋለሁ። እስከዚያው እማማ ሀምዳ ፎቶው ለሕዝብ ቢታይ ፈቃዳቸው መሆኑን በስልክ ድምፅ ቀርጸሽ ብትልኪልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሲመጡም ነጭ የአገር ልብስ ቢለብሱ ደስ ይለናል ብለዋል አቶ ይገዙ።

ስለ ጁነዲን እጸልያለሁ። ከዚህ በላይ ለመጻፍ ጊዜ አጥቻለሁ።

እድላዊት


አዋሽ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017

እድላዊት፣

ሰላምታዬን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ጁነዲን ከጅቡቲ ጭኖ፣ ዲቾቶን አልፎ፣ ሰመራን ለቆ ሎጊያ ሲገባ ከመንገዱ በላይ የተወጠረውን ሸራ አየ። የጭነት መኪና የሚያክል ሸራ። እናቴ ናት። ጉፍታዋ የለም፣ ደረቷ ተገልጧል፣ አጥንቷ ይቆጠራል፣ አንዲት ሕፃን ጡቷን ይዛለች። ሥሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ልድገምልሽ፦ «በረሃብ የተጎዳች እናትና ልጇ። የተራቡትን ያበሉ እጆች ይባረኩ።»

ሎጊያ ሻይ የሚጠጡት ሹፌሮች እየቀለዱባት ነበር የደረሰው። አንደኛው፣ የማያውቀው ሰው፣ ቀልዱ ገና አፉ ላይ ሳለ ጁነዲንን ቀና ብሎ አየውና ቀልዱን ዋጠው። መልካችን አንድ ነዋ። ወንድሜ ሸራውን ሊቀድ ሲወጣ ጥበቃ ይዞ አወረደው። ከዚያ ለእኔ ደወለልኝ። «እናቴን መንገድ ላይ ሰቅለዋታል» ብሎ ዘጋው።

እናቴን ታውቂያታለሽ፣ ቤቷ ተኝተሻል። አማቾቿ ፊት ጉፍታዋ ሸርተት ብሎ አያውቅም። አምና ስትታመም ለወንድ ነርስ ክንዷን አልገልጥም ብላ ሴት ነርስ እስክትመጣ ድረስ በትኩሳት ስትቃጠል ነው ያደረችው። ያቺን ሴት ነው ከሎጊያ እስከ ሰመራ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ እንዲያያት ያደረጋችኋት።

የላክሽልኝን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። በመቀስ ነው የቆረጥሽው፤ ዳሩ ትንሽ ጠምሟል። የት ላይ መቁረጥ እንዳለብሽ ካወቅሽ፣ ነውሩ የት እንደሚጀምር ታውቂ ነበር ማለት ነው። ፎቶሽም ከአንገት በላይ፣ ዘመድነትሽም ከአንገት በላይ። ድምፅ ቀርጸሽ ላኪ ያልሽኝም ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ከሰቀላችኋት በኋላ ፈቃድ!

ሸራውን አውርዱ። ጁነዲን እንደገና በዚያ መንገድ ሲያልፍ ካየው እኔ አልይዘውም። አትደውይልኝ፣ አላነሳም። በስልክ ብሰማሽ የማልመልሰው ቃል ያመልጠኛል። መልስ ካለሽ ጻፊው።

ኸሊዳ


ሰመራ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017

ለእትዬ ኸሊዳ፣

አንቺ ሰላምታሽን ብታቆዪውም እኔ ሰላም ብያለሁ።

ቆርጬ የላክሁት እውነት ነው። እንዳትሰቀቁ ብዬ ነው ያደረግሁት። ሸራው ላይ የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፤ አቶ ይገዙ ናቸው። ሌላ ይሁን ብዬ ነበር። አጥብቄ አልተከራከርኩም፣ እሱንም እውነቱን እነግርሻለሁ። የሥራ ውሌ በጥር ያልቃል፤ የሚታደሰውም ይህ መክፈቻ ሲያምር ነው ተብያለሁ። አንቺ የራስሽ ምግብ ቤት አለሽ፣ ማንም ሂጂ አይልሽም።

ግን እኔንም የሚያናድደኝ ነገር አለ። እነዚያ ሲስተሮች መንግሥት «ረሃብ የለም» በሚልበት ጊዜ፣ በዚያ በረሃ ሬሳ እያነሡ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ባይነሡ ዓለም አያይም ነበር፤ ዓለም ባያይ ወተቱ አይመጣም ነበር። ወተቱ ባይመጣ እማማ ሀምዳ አይተርፉም፣ አንቺም አትወለጂም። ይህን ሁሉ ትተሽ አንድ ጨርቅ ጎደለ ብለሽ ስሜን በክፉ ታነሺያለሽ።

ደግሞስ ማነው ያፈረው? እማማ ሀምዳ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ? ጠይቀሻቸዋል? የእሳቸው ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። የራስሽን ኩራት የእናትሽ እያደረግሽ እንዳይሆን።

ሸራው እስከ መክፈቻው ይቆያል። እኔ ላወርደው አልችልም።

እድላዊት


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

እድላዊት፣

ጠይቂያቸው ስላልሽ ጠየቅኋት። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን በንዴት ልቀደው ነበር፤ ያቺን አንዷን ቃል ግን ማለፍ አቃተኝ። እውነትም አልጠየቅኋትም ነበር። ደብቄያት ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ስለ ሸራው ሁሉንም ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብላ፣ «ሕፃኗ ትታያለች?» አለችኝ። ትታያለች አልኳት። «ፊቷም?» ፊቷም አልኳት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። እኔ እየሰማሁ ፉሉ አረረ፣ ደንበኛ ወጥቶ ሄደ፣ አልተነሣሁም።

እናቴ ከአባቴ በፊት ባል ነበራት። ከባቲ በላይ ካለው አገራቸው ወንድ ልጃቸውን ታቅፈው በእግር ሲወርዱ ባልየው መንገድ ላይ ሞተ። ልጁም መጠለያው ከደረሱ በኋላ ሞተ። ጡቷ ግን አልደረቀም፤ ወተቱ አብጦ ያሳምማት ነበር። ሲስተር ኦርሶላ የሚሏት አንዲት መነኩሲት፣ እናቷ ድንኳን ውስጥ የሞተችባትን ሴት ልጅ ይዛ መጣች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነበር አለች። «ልጅሽን አልመልስም። ይቺን አንቺ ማዳን» ብላ ሰጠቻት። እናቴ ልጅቷን ኑራ አለቻት። ከበልግ ጀምሮ ጡት አጠባቻት። እኔና ጁነዲን የጠባነውን ጡት፣ እድላዊት።

ሲስተሯ ወተት ልታመጣ ደሴ በሄደችበት ቀን ካሜራ የያዘ ፈረንጅ መጣ። አስተርጓሚው ጉፍታሽን አውልቂ፣ ቀሚስሽን ዝቅ አድርጊ አላት። እምቢ አለች። «ወተት የሚላከው በዚህ ፎቶ ነው» አላት። እናቴ፣ «ዞር ብዬ የተደረደሩትን ሕፃናት አየሁ፤ አወለቅሁ» አለችኝ። ስለ ወተቱ የጻፍሽልኝ ልክ ነው። ግን ያንን ወተት ማን እንደከፈለበት እወቂ። ሲስተር ኦርሶላ ተመልሳ ስትሰማ ከሰውዬው ጋር ተጣልታ አባረረችው፤ ፎቶውን ግን ይዞ ሄዷል።

ከዚያ እናቴ ትኩሳት ጣላት። ራሷን ስታውቅ ኑራ አጠገቧ የለችም። «ደጋ፣ ማሳደጊያ ቤት ወሰዷት። ትድናለች፣ ትማራለች» አሏት። ሲስተሮቹ አዋሽ ክሊኒክ ሲከፍቱ አንሶላ አጣቢ ሆና አብራቸው የመጣችው አንድ ቀን ስለ ኑራ ወሬ እሰማለሁ ብላ ነው። ሲስተር ኦርሶላ ቶሎ ሞተች፤ ሌሎቹ አያውቁም።

አሁን የጁነዲን ነገር ገባሽ? በእኛ ሃይማኖት የጡት ልጅ ልጅ ነው። ኑራ የጁነዲን እህት ናት። የሀፍሳ እናት ሰዓዳ፣ ያቺ ማሳደጊያ ቤት ያደገችው፣ ዕድሜዋም ያው የሆነው፣ ኑራ ብትሆንስ? ወንድሜ የእህቱን ልጅ ሊያገባ ነው። ሰዓዳ የሚለው ስም የወጣላት በኒካሕ ጊዜ ነው፤ በፊት ማን እንደነበረች ማን ያውቃል? እናቴ ይህን ለምን አልነገርሽንም ስላት፣ «የሰው ልጅ ለተጨማሪ ራሽን፣ ለስንዴ ብዬ አጠባሁ ማለት ነው። አፈርኩ» አለች።

ስለዚህ መክፈቻው ላይ ትመጣለች። መኪናችሁን አትላኩ፣ ጁነዲን ያመጣታል። እኔ ብመጣ ሰው እደበድባለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። አስተርጓሚዋ አንቺ መሆንሽን ሰምታለች። «እንዳልኩት ትድገመው» ብላለች።

ኸሊዳ


ሰመራ፣ ጥር 7 ቀን 2017

ለእትዬ ኸሊዳ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። የሚያጽናና አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን። ይህን የመጨረሻ ቃል ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

የሆነውን ከእማማ ሀምዳና ከጁነዲን ሰምተሻል። እነሱ ግን በእንግሊዝኛ የተባለውን አልሰሙም፤ ስለዚህ ከእኔም ስሚው።

አቶ ይገዙ የምስጋና ቃል በወረቀት አዘጋጅተውላቸው ነበር። እማማ ሀምዳ ማንበብ አልችልም ብለው መለሱላቸው። የጁነዲንን ክንድ ይዘው ከፎቶው ፊት ቆሙ። አዳራሹ አጨበጨበ። እስኪያበቃ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦

«ሲስተር ኦርሶላን አመሰግናለሁ። ወንድ ልጄን ቀበረችልኝ፣ ሴት ልጅ ሰጠችኝ።»

ተረጎምኩ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ፣ አቶ ይገዙም ደስ አላቸው።

«የተራበች እናት የምትሏት እኔ ነኝ። እውነት ነው፣ ተርቤ ነበር። ግን እዚህ ላይ እዩ፣ የማበላው እኔ ነኝ።»

አቶ ይገዙ ክርኔን ያዝ አድርገው፣ «ምስጋናውን ብቻ ተርጉሚና ጨርሺ» አሉኝ። እማማ ሀምዳ ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይጠብቁኝ ነበር። ተረጎምኩት፣ እትዬ። ያጠቧት ልጅ የሌላ እናት ልጅ መሆኗን፣ ጉፍታቸውን እንዴት እንዳስወለቋቸው፣ ኑራ እንዴት እንደተወሰደችባቸው፣ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩት።

ከጣሊያን የመጡት ዋናዋ ሲስተር ፊታቸው ቀላ። እኛ ጋ «እናትና ልጅ» ከሚል በቀር ምንም የለም፣ ስለ ሕፃኗ የሚታወቅ ነገር የለም አሉ። እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። እማማ ሀምዳም፣

«ፎቶ ሃምሳ ዓመት ሳይጠፋበት የሚያስቀምጥ ሰው፣ ልጅ እንዴት ይጠፋበታል?» አሉ።

ይህንም ተረጎምኩት። ያኔ አቶ ይገዙ በእንግሊዝኛ ለእንግዶቹ፣ አሮጊቷ በዕድሜ ምክንያት ነገር ተምታቶባቸዋል ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እናንተ ያልሰማችሁት ይህ ነው። እኔም በእንግሊዝኛ፣ አልተምታታባቸውም፣ ዘመዴ ናቸው፣ የሚሉትን ያውቃሉ አልኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዘመዴ ናቸው ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ሲስተሯ ፎቶው አሁኑኑ ይውረድ፣ ስለ ሕፃኗም ጣሊያን ስመለስ እጠይቃለሁ አሉ። አቶ ይገዙ ከምሳ በኋላ ይወርዳል ሲሉ፣ እማማ ሀምዳ ከፎቶው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ታውቂያለሽ፤ በስንት ስቃይ እንደተቀመጡ። ሚኒስትር ይምጣ ማንም ይምጣ፣ ሳይወርድ አልነሣም አሉ። እንግዳው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ጥበቃው መሰላል አመጣ። የሎጊያውን ሸራ ጁነዲን ራሱ አወረደው። ያን ጊዜ የያዘው ጥበቃ ነው ገመዱን የፈታለት። ምን እንዳደረጋችሁበት አልጠይቅም።

ውሌ አልታደሰም። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲስተሯ ቃላቸውን ጠብቀው ትናንት ከጣሊያን ደወሉልኝ። በዚያ መጠለያ በወጣትነታቸው ነርስ የነበሩ አንዲት መነኩሲት አሁንም በሕይወት አሉ፣ ዘጠና ዓመት ሊሆናቸው ነው። እሳቸውን ሄደው ጠየቋቸው። ኑራን ያስታውሷታል። ማሳደጊያ ቤት አልሄደችም። እማማ ሀምዳ በትኩሳት ራሳቸውን ባላወቁበት ጊዜ ኑራም በኩፍኝ ሞተች። ከመጠለያው ጀርባ ከሌሎቹ ሕፃናት ጋር ቀበሯት። እማማ ሀምዳ ሁለተኛ ልጅ መሞቱን ከሰሙ አይነሡም ብለው ፈሩ፤ ስለዚህ ወደ ደጋ ተወሰደች ብለው ለመንገር ተስማሙ። ሲሻላቸው እንነግራቸዋለን ብለው ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደየምድቡ ተበታተነ።

ሰዓዳ ኑራ አይደለችም። ጁነዲን ማግባት ይችላል።

ቀንሼም አለስልሼም አልጻፍኩልሽም። ለእሳቸው መንገር ካቃተሽ እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ።

እህትሽ እድላዊት


አዋሽ፣ የካቲት 9 ቀን 2017

ቢስሚላህ።

ለእድላዊት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

መልሴ የዘገየው ደብዳቤሽን ይዤ መናገር ስላቃተኝ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ከመግሪብ በኋላ እያልኩ፣ ቀን ገፋሁ። በመጨረሻ ጁነዲን ሲመጣ ሁለታችን በግራና በቀኝ ተቀምጠን ነገርናት።

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ማን አጠባት?» ብላ ነው። እኔ በትኩሳት ሳለሁ ማን አጠባት ማለቷ ነው። ቀጥላ፣ «ቂብላ አቅጣጫ አዙረው ቀብረዋታል?» አለች። የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አዋሽ አውራ ጎዳና ላይ ልቆምና የሚያልፈውን ሁሉ ልሳደብ ቃጥቶኝ ነበር። አዝነው ነው የዋሹት ትይኛለሽ። አውቃለሁ፣ አዝነው ነው። የእነሱ እዝነት ግን እናቴን ሃምሳ ዓመት አስጠበቃት። ባቡር ሲቆም እየወጣች የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ታይ የነበረው ለካ ለዚህ ነው፤ እኛ ልጆች ሆነን ሰው መመልከት ትወዳለች እንል ነበር። ያው እዝነት ወንድሜን ከሚወዳት ልጅ ዓመት ሙሉ ለየው። ሰዎች እሷ አትችለውም ብለው በእሷ ፈንታ ይወስናሉ፣ ሁሉን ችላ የምትኖረው ግን እሷ ናት። አንቺም እንዳንሰቀቅ ብለሽ ነው የቆረጥሽው።

እናቴ ተነሥታ ውዱእ አደረገች። ኢማሙን ጠርተን በሩቅ ለተቀበረ ሰው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደ። ድንኳን ይተከልልኝ አለች። ጎረቤቱ ግራ ቢገባውም ተከልን። ሹፌሮቹ፣ የጫት ነጋዴዎቹ፣ ከባቡር ጣቢያ ማዶ ያሉት አፋሮች፣ ክርስቲያኖቹም ሳይቀሩ መጥተው ተቀመጡ።

ሰዓዳ ከኮምቦልቻ ከልጇ ከሀፍሳ ጋር መጣች። ጁነዲን በስልክ ነግሯት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። ለካ እናቴ ያኔ እንደዚያ ስትጠይቃት እሷም ጠርጥራ ኖሯል። ማሳደጊያ ቤት ያደገ ሰው ማን ይጠይቀዋል? አንዲት አሮጊት ማን ወለደሽ እያለች ስትወተውታት፣ እናቴን አገኘሁ ብላ ተስፋ አድርጋ ከርማለች። ጠብቃ ጠብቃ እናትሽ አይደለችም ተባለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ እጇን ይዛ እንዲህ አለቻት፦

«ኑራ ብትሆኚ ኖሮ ልጅሽን ከልጄ እለይ ነበር፣ አንቺን ግን አለቅሽም ነበር። አሁን ኑራ አይደለሽም። ልጅሽን ስጪኝ፤ አንቺም አትሂጂብኝ።»

ኒካሑ ከረመዳን በኋላ ነው፣ ኢንሻ አላህ። ሰዓዳ እስከዚያ እኛ ጋ ናት። ምግብ ቤቱ ውስጥ ታግዘኛለች፤ ሽንኩርት ከእኔ በላይ ታደቃለች፣ ከእኔ በላይም ትጨቃጨቃለች።

አንቺን በተመለከተ፣ እናቴ አውፍ ብላሻለች፣ ከልቧ ይቅር ብላሻለች። «ቃሌን ሳታጎድል አድርሳለች፣ እንጀራዋንም አጥታበታለች፤ ከእሷ ጋር ጨርሻለሁ» አለች። ለሠርጉ እንድትመጪ፣ ሥራ እስክታገኚም እኛ ጋ እንድትቆዪ አዝዛኛለች። ቤቱ የእሷ ስለሆነ አልጋሽ ይነጠፋል። እኔ ግን ገና ነኝ። አልዋሽሽም። ፊትሽን ሳይ ምን እንደምል አላውቅም፤ ምናልባት ዝም እላለሁ፣ ምናልባት ከሰው መሐል አዋርድሻለሁ። ብትመጪ ይህን አውቀሽ ነይ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን አንዲት አፋር ሴት፣ ወተት የምታመጣልን ሰዓዳን የምታክል ሴት፣ ከእናቴ ፊት ተንበርክካ አጽናናቻት። ማን እንደሞተ በደንብ አልገባትም።

«ልጅሽ ናት?» አለቻት።

«ልጄ ናት።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

እናቴ ጉፍታዋን አስተካከለች።

«ጥርስ ልታወጣ ነበር» አለች።

ኸሊዳ